ሰምንና ቅባትን በየቅንጣቱ የሚመዝነው ሚዛን

በንግድ ቤት ውስጥ በጸሐፊነት የሚሠራ ሰው የሚያነባቸው ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ዋጋን፣ የጭነትን ቀንና የባንክን ሰነድ የሚመለከቱ ስለሆኑ፣ ከተነበቡ በኋላ በየመዝገባቸው ገብተው ይረሳሉ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያልረሳሁት አንድ ደብዳቤ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአውሮፓ ከሚገኝ አንድ ሰም ገዥ የመጣ ሲሆን፣ ቃሉም በአጭሩ «የላካችሁልን ሰም ከንብ ብቻ የተገኘ ስላልሆነ ልንረከበው አንችልም» የሚል ነበር። ከደብዳቤው ጋር ተያይዞ የመጣው ወረቀት ደግሞ ጽሕፈት ሳይሆን ሥዕል ነበር፤ እንደ ተራራ ሰንሰለት ከፍ ዝቅ የሚል መስመር፣ በየጫፉም ላይ ቁጥር።

የማገለግላቸው ነጋዴ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ይኼ ምንድን ነው? የልብ ምርመራ ነው እንዴ?» አሉኝ። እኔም አላወቅሁትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስሁበት ዘመን የተማርሁት ኬሚስትሪ ከአሲድና ከጨው ያለፈ አልነበረም። ነገር ግን ደብዳቤውን ወደ አማርኛ መልሶ ማስረዳት የእኔ ሥራ ስለ ነበረ፣ ወረቀቱን ይዤ በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ወደሚያስተምር አንድ ወጣት ዘንድ ሄድሁ። እርሱም ሥዕሉን ገና እንዳየው ሳቅ ብሎ «ይህ የማስ ስፔክትሮሜትር ወረቀት ነው፤ ሰማችሁ ውስጥ ፓራፊን አለ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በትዕግሥት ያስረዳኝንና ከመጻሕፍት ያገኘሁትን፣ በሰም፣ በቅቤና በቅባት እህል የምትነግዱ አንባብያን ሁሉ ብታውቁት ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ እነሆ ጽፌዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ሰሙ። አገራችን በአፍሪካ ውስጥ ማርና ሰም በብዛት ከሚያመርቱት አገሮች በግንባር ቀደምትነት የምትቆጠር መሆኗ የታወቀ ነው። ለውጭ ገበያ የሚቀርበው ሰም ብዙው የሚገኘው ከጠጅ ቤት ነው። ማሩ ከነሰፈፉ ተበጥብጦ ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ተሰብስቦ፣ በውኃ ተቀቅሎና ተጣርቶ በየድቡልቡሉ ይረጋል። ከዚያ ሰብሳቢው ለነጋዴ፣ ነጋዴው ለላኪ ይሸጠዋል። አንድ ኩንታል ሰም የስንት ጠጅ ቤት ሰፈፍ እንደ ተቀላቀለበት ላኪው ራሱ ሊቈጥረው አይችልም። ባዕድ ነገር የሚገባውም በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ነው።

ቀድሞ ሰም ይመረመር የነበረው በዓይን፣ በአፍንጫና በጥርስ ነበር። አሮጌ ነጋዴዎች ሰሙን ቈርሰው ያኝኩታል፤ ጥሩ ሰም በጥርስ አይጣበቅም፣ ሲሰበርም ስባሪው እንደ አሸዋ ሻካራ ነው። ይህ ዘዴ የሚናቅ አይደለም፤ ከግማሽ በላይ ሞራ የተቀላቀለበትን ሰም ማንም ያውቀዋል። ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ንጹሕ የንብ ሰም ከ61 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ የአሲዱ ቁጥርም ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 24 ባለው መካከል ይገኛል። ኬሚስቱ እነዚህን ቁጥሮች አውጥቶ ከተወሰነው ልክ ጋር ያስተያያል።

ዳሩ ግን ሂሳብ የሚያውቅ አታላይ ይህን ምርመራ ሊያመልጠው ይችላል። ፓራፊን አሲድ የለውም፤ ቁጥሩ ዜሮ ነው። ስቴአሪን የተባለው የሻማ ቅባት ደግሞ ቁጥሩ ወደ 200 ይጠጋል። ሁለቱ በልክ ሲደባለቁ የድብልቁ የአሲድ ቁጥር ልክ የንብ ሰም ይመስላል። ሌላው ቁጥር እንዳያጋልጠውም ሞራ ይጨመርበታል። በዚህ ዓይነት አንዲት ንብ ያልነካችው ነገር የንብን ቁጥር ይዞ ሊቀርብ ይችላል ማለት ነው። ቁጥሮቹ ሐሰት አልተናገሩም፤ የተናገሩት ግን የጠቅላላውን አማካይ እንጂ በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ነገር አይደለም። ይህም አንድ ነጋዴ የዓመቱን ጠቅላላ ትርፍ አይቶ የትኛው ዕቃ እንዳከሰረው ለማወቅ እንደማይችል ያህል ነው።

ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ ግን አማካይ አይመለከትም። ሥራውን ወጣቱ ኬሚስት ያስረዳኝ እንደሚከተለው ነው። ከሰሙ የምስር ፍሬ የማታህል ቅንጣት ትወሰድና በፈሳሽ ትሟሟለች። ከዚያም ከፀጉር ብዙም በማይወፍር፣ ርዝመቱ ግን ብዙ ሜትር በሆነ በተጠመጠመ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ቱቦው እየጋለ በጋዝ ትገፋለች። በዚህ ጒዞ ቀላሎቹ ቀድመው፣ ከባዶቹ ዘግይተው ይወጣሉ፤ ስለዚህ የተደባለቀው ነገር በየዓይነቱ ተለያይቶ በተራ ይደርሳል። ይህ ክፍል ጋዝ ክሮማቶግራፊ ይባላል። ከቱቦው የወጣው እያንዳንዱ ዓይነት ደግሞ አየሩ ተመጥጦ ወደ ወጣለት ባዶ ክፍል ይገባና በኤሌክትሮን ይመታል። የተመታው ሞለኪዩል ኤሌክትሪክ ይሸከማል፤ ብዙውም ይሰባበራል። ስብርባሪዎቹ በማግኔት ወይም በኤሌክትሪክ መስክ መካከል ሲያልፉ እያንዳንዱ እንደ ክብደቱ መንገዱ ይለያል፤ መሣሪያውም የትኛው ክብደት ስንት ጊዜ እንደ ደረሰ ይቈጥራል። በወረቀታችን ላይ የነበረው ተራራ በቱቦው በኩል በየተራ የወጣው ሁሉ ነው፤ በየተራራው ጫፍ የተጻፈው ቁጥርም ክብደቱ ነው።

የዚህ ሚዛን መነሻ ከሰምም ከቅቤም የራቀ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1912 እና በ1913 ባደረገው ምርመራ ኒዮን የተባለው ጋዝ ክብደታቸው 20 እና 22 የሆኑ ሁለት ዓይነት አቶሞች እንዳሉት አገኘ። ረዳቱ የነበረው ፍራንሲስ አስተን ደግሞ በ1919 በካምብሪጅ የተሻለ መሣሪያ ሠርቶ የብዙ ንጥረ ነገሮችን አቶም በመመዘኑ በ1922 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ቅባትን በጋዝ እየገፉ የመለየቱን ዘዴ ጄምስና ማርቲን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1952 ገለጹ፤ የመጀመሪያ ሥራቸውም በፋቲ አሲዶች ላይ ነበረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን ራግናር ሪሃገና አይናር ስተንሃገን የቅባቶችን አሰባበር እየመዘገቡ ለሌሎች መንገድ ከፈቱ። በ1964 ሪሃገ ጋዙን ከቅባቱ የሚለይ ቀዳዳ ሠርቶ ሁለቱን መሣሪያዎች በደንብ አገናኛቸው። ዛሬም የሰም ላቦራቶሪዎች በብዛት የሚሠሩት በዚሁ ጥምረት ነው።

በሙቀት የማይተንኑትን ትላልቅ ሞለኪዩሎች ሳይሰባብሩ መመዘን ግን ለብዙ ዘመን አስቸጋሪ ሆኖ ቈየ። ይህን ካቃለሉት መካከል በ2002 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት አሜሪካዊው ጆን ፌንና ጃፓናዊው ኮይቺ ታናካ ናቸው። ስለ ታናካ አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አይሆንልኝም። ሰውዬው የሺማድዙ ኩባንያ ተራ ተቀጣሪ መሐንዲስ ሲሆን ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ትምህርት አልነበረውም። በ1985 ሲሠራ ሳለ ግሊሰሪንን በስሕተት ከኮባልት ዱቄት ጋር ደባለቀ፤ ዱቄቱ ውድ ስለ ነበር መጣሉን ሳስቶ በዚያው ሞከረውና የፈለገውን አገኘ። ሽልማቱን ሲቀበል ዕድሜው 43 ዓመት ነበር። እኔም በዚያው ዕድሜ ገደማ ያለሁ ተቀጣሪ በመሆኔ ይህን ታሪክ ለአለቃዬ ሳነብላቸው «እንግዲህ የተበላሸ ወረቀት አትጣል» ብለውኛል።

አሁን ወደ ወረቀታችን እንመለስ። የንብ ሰም አንድ ነገር አይደለም፤ ከ300 የሚበልጡ ልዩ ልዩ ነገሮች ድብልቅ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዋነኞቹ ፋቲ አሲድና ረጅም አልኮል የተጋቡባቸው ኤስተሮች ሲሆኑ፣ ክብደታቸው 592፣ 620፣ 648፣ 676፣ 704 እያለ በ28 በ28 ይጨምራል። የፓልሚቲክ አሲድ ኤስተሮች በመሆናቸው በመሣሪያው ሲሰበሩ 257 የሚመዝን ስባሪ ይጥላሉ። ኬሚስቱ በየተራራው ሥር ይህን 257 ሲያገኝ የንብን ፊርማ እንዳገኘ ይቈጥረዋል።

የፓራፊን ነገር ደግሞ ከሁሉ የሚያስደንቅ ነው። በንብ ሰም ውስጥ ካርቦንና ሃይድሮጂን ብቻ ያላቸው ቅባቶችም አሉ፤ ፓራፊን ደግሞ በሙሉ የእነዚሁ ዓይነት ነው። ታዲያ በምን ይለያሉ? በጎደሎና በሙሉ ቁጥር ይለያሉ! ንብ ቅባትን በሰውነቷ ስትሠራ ካርቦንን ሁለት ሁለት እያደረገች ትቀጥላለችና ፋቲ አሲዱ ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር ይሆናል። ይህን አሲድ ወደ ሃይድሮካርቦን ስትለውጠው ከጫፉ አንድ ካርቦን ይወድቃል፤ የቀረው ጎደሎ ቁጥር ነው። ስለዚህ በንጹሕ የንብ ሰም ውስጥ ባለ 25፣ ባለ 27፣ ባለ 29፣ ባለ 31 ካርቦኖቹ እንደ ረጃጅም ተራራ ሲቆሙ፣ በመካከላቸው ያሉት ባለ 26ና ባለ 28ቱ ጉብታ ብቻ ናቸው። ፓራፊን ግን ከምድር ዘይት የሚወጣ ነው፤ የምድር ዘይት ሁለት ሁለት እያለ አይቈጥርም። ጎደሎውም ሙሉውም እኩል ተሰልፎ ይቆማል። በእኛ ወረቀት ላይ 366 የሚመዝነው ባለ 26ና 394 የሚመዝነው ባለ 28፣ 380 ከሚመዝነው ባለ 27 ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመው ይታዩ ነበር። ወጣቱ ሳቅ ያለው ለዚህ ነበር። ሰውን ሊያታልል የፈለገ አታላይ የቀለጠበትን ሙቀት፣ ቀለሙንና አሲዱን ሊያስተካክል ይችላል፤ ንብ የምትቈጥረውን ቁጥር ግን ሊቈጥርላት አይችልም።

ይህን ሁሉ ለአለቃዬ በአማርኛ ጽፌ ባቀረብሁላቸው ጊዜ ግን ደስታ አልሆነም። ጥያቄው «ማን ጨመረው?» የሚል ሆነ፤ ወዲያውም የሁሉም አሳብ በአንድ ሰው ላይ ወደቀ። ከጠጅ ቤቶች ሰፈፍ እየሰበሰቡ ለብዙ ዓመታት ሲያቀርቡልን የኖሩ አንዲት አዛውንት ሴት ነበሩ። በዚያ ዓመት ያመጡት ሰም ከሌላው ጊዜ ይልቅ ነጣ ያለ ስለ ነበር፣ የመጋዘኑ ሰዎች «ፓራፊን ነጭ ነው፤ እንግዲህ እርሳቸው ናቸው» አሉ። አለቃዬም አስጠርተው ነገሩን ቢነግሯቸው፣ ሴትዮዋ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ልጄ፣ እኔ ሰፈፍ ስቀቅል እጄ ተቃጥሎ ነው የኖርሁት፤ ያልከው ነገር ስሙንም አላውቀው» ብለው ነጠላቸውን አጥፍተው ወጡ። አለቃዬ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ሰውን ያለ ማስረጃ ማሰናበት ከልማዳቸው ውጭ ነበር፤ ጭነቱን ያበላሸባቸውን ሰው ይዞ መቀጠልም አይቻልም።

ደግነቱ አንድ ልማድ ነበረን። ከየአቅራቢው ሰም ስንረከብ ቀለሙን ለማስተያየት አንዳንድ ቁራሽ እየቈረስን፣ ቀኑንና የመጣበትን ጽፈን በመደርደሪያ እናስቀምጥ ነበር። እኔም «ጌታዬ፣ ቁራሾቹን እንላካቸው» አልኋቸው። የምርመራው ዋጋ ቀላል አልነበረም፤ ቢሆንም ከስምንቱ አቅራቢዎች ስምንት ቁራሽ ያለ ስም በቁጥር ብቻ ታሽጎ ተላከ። መልሱ ከሳምንታት በኋላ ሲመጣ ስድስቱ ንጹሕ የንብ ሰም፣ ሁለቱ ፓራፊን ያለባቸው ሆኑ። የአዛውንቷ ቁራሽ ከስድስቱ አንዱ ነበር፤ የነጣውም ከሌላው ይልቅ በደንብ በመጣራቱ ነበር።

ሁለቱ የተበከሉት ቁራሾች የመጡት ዘመናዊ ቀፎ ከሚጠቀሙ አንቢዎች ነበር። ሄደን ስንጠይቅ የጨመረ ሰው አላገኘንም፤ ያገኘነው ሌላ ነገር ነው። በዘመናዊው ቀፎ ፍሬም ላይ ንቦቹ እንዲሠሩበት የታተመ ሰም ይለጠፋል። አንቢዎቹ ይህን የታተመ ሰም ከገበያ ገዝተውት ነበር፤ ፓራፊኑ የነበረው በእርሱ ውስጥ ነው። ንቦቹ ሳያውቁ በላዩ ሠሩበት፣ አንቢውም ሳያውቅ አብሮ አቀለጠው፣ እኛም ሳናውቅ ላክነው። የዚህ ዓይነት ነገር በሌላ አገርም ደርሷል፤ በ2016 ገደማ በቤልጂግና በሆላንድ በስቴአሪን የተበረዘ የታተመ ሰም ለአንቢዎች ተሸጦ፣ በላዩ የተጣሉት የንብ ዕጮች ሞተው ብዙ ቅሬታ ተነሥቶ ነበር። አለቃዬ ከአዛውንቷ ቤት ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። እኔም አብሬ ነበርሁ፤ የተነገረውን ሁሉ መጻፍ ግን የሚገባ አይመስለኝም።

ይኸው ዘዴ ለሰም ብቻ የሚያገለግል አይደለም። በቅቤ የሚነግዱ ይህን ይስሙ፦ የእንስሳ ቅባት ሁሉ ኮሌስትሮል የተባለውን፣ ክብደቱ 386 የሆነውን ነገር ይዟል፤ የእፀዋት ዘይት ደግሞ በዋነኛነት 414 የሚመዝነውን ሲቶስቴሮል ይይዛል። በቅቤ ውስጥ 414 በርከት ብሎ ከታየ ላሟ ሳይሆን ፓልም ዘይቱ እየተናገረ ነው። ደግሞም ቅቤ ቡቲሪክ የተባለ ክብደቱ 88 የሆነ አጭር አሲድ አለው፤ የቅቤ የራሱ ምልክት ነውና ሲያንስ ጥርጣሬ ይነሣል። በቅባት እህልም ቢሆን የኑግ ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ተልባ ከግማሽ የሚበልጠው ሊኖሌኒክ ነው፤ ሰሊጥ ኦሌይክንና ሊኖሌይክን እኩል ለእኩል ገደማ ይይዛል፤ የአገራችን የጎመን ዘር ዘይት ደግሞ ኤሩሲክ የተባለውን ባለ 22 ካርቦን አሲድ በብዛት ይዟል። በኑግ ዘይት ውስጥ ኤሩሲክ ከተገኘ ኑጉ ከምን ጋር እንደ ተጨመቀ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም።

ከሁሉ የሚገርመው ቅባት ዕድሜ የማይፈራ መሆኑ ነው። በእንግሊዝ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከሌሎች ጋር ሆነው ከ6,400 በላይ የጥንት ሸክላ ስባሪዎችን መርምረው በ2015 ባወጡት ጽሑፍ፣ በዛሬይቱ ቱርክ አገር ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው ሺህ ዘመን በነበሩ ሸክላዎች ውስጥ የንብ ሰም እንደ ገባ አስረድተዋል። ማረጋገጫቸውም እኛን ያጋለጠን ያው የጎደሎና የሙሉ ቁጥር ሰልፍና ያው ኤስተር ነበር።

እንግዲህ መሣሪያው ፈጽሞ አይሳሳትም ማለቴ አይደለም። ክብደታቸው አንድ ሆኖ አሠራራቸው የተለያየ ቅባቶች አሉ፤ ለምሳሌ በተፈጥሮ ዘይት የሚገኘው ኦሌይክ አሲድና ዘይት በፋብሪካ ሲረጋ የሚፈጠረው ኤላይዲክ አሲድ ሁለቱም 282 ይመዝናሉ። ስለዚህ ኬሚስቱ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን በቱቦው ውስጥ የቆየበትን ጊዜም ይመለከታል፤ ሁለቱንም ከታወቀ ናሙና ጋር ያስተያያል። የሰም ቅባት ልክም እንደ ንቡ ዘርና እንደ ሰፈፉ ዕድሜ ጥቂት ጥቂት ይለያያል። በመቶ እጅግ ጥቂት የሆነ ፓራፊን በዚህ መለያየት ውስጥ ተሸሽጎ ሊያልፍ ይችላል። ላኪዎች ውጤት ሲደርሳቸው «የተስተያየው ከየትኛው አገር ሰም ጋር ነው?» ብለው መጠየቅ መብታቸው ነው፤ እኛ አለመጠየቃችንን በኋላ ነው የተረዳነው።

ምርመራ ለማስደረግ የምታስቡ ከየድቡልቡሉ መካከል እንጂ ከላዩ ብቻ አትቍረሱ፤ ሲረጋ ከላይና ከታች ያለው አንድ ላይሆን ይችላልና። ቁራሹን በላስቲክ አትጠቅልሉት፤ ከላስቲክ የሚወጣ ነገር በወረቀቱ ላይ ራሱን የቻለ ተራራ ሆኖ ይታያል። በጠርሙስ ወይም በአሉሚኒየም ወረቀት ይሁን። ከአንዱ ቁራሽ ሁለት አድርጋችሁ አንዱን ላኩ፣ አንዱን ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። የእኛ መደርደሪያ አሁን ሙሉ ግድግዳ ይዟል፤ የመጋዘኑ ሰዎች ቦታ ጠበበን እያሉ ያጉረመርማሉ። አለቃዬ ግን ለማንም እንዳይነካ አዘዋል፤ የአዛውንቷ ያ ነጣ ያለ ቁራሽም እስከ ዛሬ በላይኛው ረድፍ ላይ ቁጥሩን እንደ ያዘ ተቀምጧል።